የወንድምሽ ጉልበት

ጥቅምት 4

ለተወደድሽው ዋርሳዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከአንድ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ጉልበቱ የማን እንደሆነ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። ወንድምሽ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው፤ ጉልበቱም እንደማንኛውም ዕቃ አለቀ። ሲያልቅ አያምር ይባል የለ? ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ግድግዳውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ እኔን እየያዘ ነው። መጸዳጃ ቤት ደርሶ እስኪመለስ እኔ አንድ ቀሚስ ዘምዝሜ እጨርሳለሁ። በስልክ ስትጠይቂው "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው" የሚልሽ ውሸቱን ነው። እኔም አጠገቡ ቆሜ "ደህና ነው" እላለሁ። ምን ላድርግ፣ ስልኩን ይዞ ያፈጥብኛል። ወረቀት የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ስልክ ላይ ሁላችንም ደህና ነን፤ ስጽፍ ግን ማንም አያፈጥብኝም።

ባለፈው ሳምንት እንደ ምንም ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና፣ "አባቴ፣ እዚህ ጋ የቀረ ነገር የለም። አጥንት ከአጥንት ጋር ነው የሚፋጨው። መቀየር አለበት" አለው።

ወንድምሽ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ዶክተር፣ እኔም ለደንበኞቼ እንደዚያ ነው የምላቸው። አንዷ ስትሰነጠቅ ሙሉ ወለሉ ይቀየር እላለሁ።"

ሐኪሙ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘኝ። በትዳራችን ሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም። "አውጥተው ሌላ ነገር ሊከቱ ነው አይደል?" አለኝ። ፈርቷል፣ ዋርሳዬ። እኔም ፈርቻለሁ።

አንቺ እዚያ አረጋውያን የምትንከባከቢ ስለሆንሽ እንዲህ ያለውን ሳታዪ አትቀሪም። ምን እናድርግ? ደግሞስ ትመጫለሽ ወይ? ለእሱ ምንም አላልኩትም። ለራሴ ግን ትመጣለች ብዬ ነግሬዋለሁ።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ የጻፈችልሽ፣
የወንድምሽ ሚስት


ጥቅምት 21

ለማከብርዎት እትዬ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ድረስ ሄዶ ይጎብኝዎት። እጅዎ ይባረክ፣ እውነቱን ስለጻፉልኝ። ደብዳቤዎን የማነበው እየቆምኩ ነው፤ ሥራ ቦታችን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ። እዚህ ቤት ሰው የማይጠራኝ አንሶላ ስደረድር ብቻ ነው።

እትዬ፣ አይፍሩ። እኔ የምንከባከባቸው አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር አሉ፤ ጉልበታቸውን ከተቀየሩ ብዙም አልቆዩም። ሲመጡ ጣሪያ ጣሪያ ብቻ ነበር የሚያዩት። አሁን በኮሪደሩ ሲያልፉ "መንገድ ልቀቁ" እያሉ ነርሶቹን ያስደነግጣሉ። ወንድም ጋሼም እንደዚያ ይሆናል። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ እኔን ያሳደገኝ በዚያ ጉልበት ነው፤ እንዲህ ሆኖ አይቀርም።

ብቻ ከወዲሁ ይዘጋጁ። የሚያመው ጥርስ ካለ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይታከም፤ የጥርስ መመርቀዝ ወደ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊሄድ ይችላል ይላሉ። ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ ያንሱት፣ እግር ይይዛል። አልጋውን ደረጃ ወደሌለበት ክፍል ያውርዱ። ቁጢጥ ማለት ስለማይችል ለመጸዳጃ የሚሆን ከፍ ያለ፣ እጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ይፈልጉለት። የጭኑንም ጡንቻ ከአሁኑ በየቀኑ ያሠራው። እምቢ ካለ እኔ አዝዣለሁ ይበሉት።

መምጣቱንስ እንዴት አልመጣም? ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሻንጣም ገዝቻለሁ። ከሆስፒታል ሲወጣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ ብለው ይንገሩት።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ።
ታናሽዎ


ኅዳር 9

ለአለቃችን፣ ለዋርሳዬ፣

ይኸው ትእዛዝሽ ሁሉ ተፈጽሟል፤ አንቺም ሰላም ሁኚልን።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብለት "ይቺ ልጅ አለቃ ሆና ቀረች" አለ። ደስ ብሎት ነው። ጥርሱን አስነቀለ። አፉን በጥጥ ይዞ ሲወጣ "ከጉልበቴ ተነስተው አፌ ከደረሱ፣ ነገ ደግሞ ጆሮህ ነው ይሉኛል" እያለ ተነጫነጨ። አልጋውን አወረድነው፤ የት መሰለሽ? ከስፌት መኪናዬ አጠገብ። በመሐል መጋረጃ ሰቀልኩ። አሁን ደንበኞቼ ሲለኩ እሱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ "ወገቧን አስፊላት፣ የገና በዓል እየመጣ ነው" ይላል።

የወንበሩን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ጎረቤታችን አናጢው መሐሉ የተበሳ፣ ከሥሩ ባልዲ የሚገባበት ወንበር ሠራልን። ሰውየው ሥራውን ስለሚወድ መደገፊያውን አለስልሶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ከቤታችን ወንበር ሁሉ የሚያምር አደረገው። እኔ ደግሞ ሰው እንዳያየው ብዬ የሚያምር ጨርቅ ጣል አደረግሁበት። ጉዴ የመጣው ያኔ ነው። አንዷ ወፈር ያለች ደንበኛዬ "ውይ፣ ምን ያለ ጥሩ ወንበር ገዛችሁ!" ብላ ተቀመጠችበትና ወደ ውስጥ ገባች። እኔ በአንድ እጇ፣ ልጇ በሌላው እጇ ስንጎትት፣ ወንድምሽ ከመጋረጃው ወዲያ እስኪያስለው ሳቀ። ሴትዮዋ እስከዛሬ አልተመለሰችም፤ ቀሚሷም እኔው ጋ ነው።

ያላስቀኝ ሌላ ነገር አለ። ምንጣፉን ሳነሳ ከሥሩ አንዷ ሴራሚክ ላላ ብላ አገኘናት። "ደግሞ ለዚህ!" ብሎ ተንበረከከ። ለቀቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ ለጠፈ፤ እጁ እንደ ድሮው ነው። ከዚያ መነሳት አቃተው። እኔን መጥራት አፍሮ ምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደቆየ አላውቅም። ወጥ ቤት ሆኜ ዝምታው ሲበዛብኝ ነው ወጥቼ ያየሁት። ግንባሩን ወለሉ ላይ አስደግፎ ነበር።

ከተነሳ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ "ሐኪሙ ከእንግዲህ መንበርከክ የለም ብሎኛል። ይሁን። ወለል ለልጆች እተዋለሁ። ግን እግሬ ቀጥ ካለ የግድግዳ ሥራ አለኝ። ቆሜ እለጥፋለሁ። ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ነው የምፈልገው።" ሌላ የሚፈልገው የለም። እኔም የምጸልየው ይሄንኑ ነው።

ቀዶ ጥገናው በኅዳር መጨረሻ ነው። ላይኛውን ክፍል ላንቺ አዘጋጅቻለሁ፤ አዲስ መጋረጃም ሰፍቼልሻለሁ።

መንገድሽን ያቅናልሽ።
የወንድምሽ ሚስት


ኅዳር 20

እትዬ፣

እንደምን አላችሁ? እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳቱ አላለቀም። ሳያልቅ ከወጣሽ መመለስ የለም አሉኝ። በየቀኑ ሄጄ ደጅ ጸናሁ፤ በመጨረሻ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስታየኝ አንገቷን መድፋት ጀመረች።

ወንድም ጋሼን በስልክ አልነገርኩትም። ድምፁን ከሰማሁ አለቅሳለሁ። እርስዎ ይንገሩልኝ።

ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው አግኝቼ ይሄን ትራስ ልኬያለሁ። ሥራ ቦታችን ጉልበታቸውን ለተቀየሩ ሰዎች የምንጠቀምበት ነው። ጥሩ ዓይነቱ ነው፣ አይሰምጥም። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ስለዚህ በዚሁ ላብቃ።

በእናቴ ቦታ ያሉ እርስዎ ነዎት፤ አደራ።
ታናሽዎ


ታኅሣሥ 16

ለተወደድሽው ዋርሳዬ፣

የምሥራች! ወንድምሽ ገብቶ ወጣ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንኳን ደስ ያለን!

ያለመምጣትሽን ስነግረው "እሷ ምን ታድርግ" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትራስሽ ሲደርስ ግን ልጅ ሆነ። ላስቲኩን ራሱ ቀደደው፣ አሸተተው፣ "የሷ ሳሙና ይሸታል" አለ። ቀዶ ጥገናው ቀን እንኳ ሆስፒታል ይዤው ልግባ ብሎ ነርሶቹን አስቸገረ።

ዋርሳዬ፣ ምን ያለ ትራስ ነው የላክሽው! መሐሉ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ጉልበቱ ስትገባ ተለክታ የተሰፋች ነው የምትመስለው። ያለሱ እግሩን ሲዘረጋ ያመዋል፤ ትራስሽን ከጉልበቱ ሥር ሳደርግለት ግን "እፎይ" ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀን ከሌት አይለየውም። ጠያቂ ሲመጣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ "እህቴ ናት የላከችልኝ" እያለ ያሳያል። አንቺ በአካል ባትመጪም ትራስሽ እያስታመመው ነው።

አንዲት ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት አንድ ቀን ቤት ድረስ ትመጣለች። ወጣት ናት፣ ፊቷ አይፈታም። ገና ከበር "ምን ሠርተህ ጠበቅኸኝ?" ስለምትለው ፖሊሷ ብሎ ስም አውጥቶላታል። የሷ ቀን ሲደርስ ቤቱን አሰናዳለሁ። እሱን ወንበር ላይ አስቀምጬ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ትራስሽንም እንዳይቆሽሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣዋለሁ። ሰው ቤት ሲመጣ የታመመ ሰው አልጋ ተዝረክርኮ አይታይም። እሷ ግን ይሄ ሁሉ ልፋቴ አይታያትም፤ "እግሩ ለምን አይዘረጋም? አትሠራም ማለት ነው" እያለች ትቆጣዋለች። ትንሽ ነው የሚጎድለው። ጊዜ ይፈታዋል፣ አታስቢ።

ጎረቤታችን ፎቶ ቤት ያለው ሰው መጥቶ አነሳልን። እንድታዪው አንዱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። እዪ እንዴት እንደሚስቅ!

ከሙሉ ምስጋናችን ጋር፣
የወንድምሽ ሚስት


ጥር 5

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ትናንት በስልክ የጮህኩት ልረሳው አልችልም፣ እርስዎም እንደማይረሱት አውቃለሁ። ግን ፎቶውን ሳየው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ያ ትራስ ተረከዝ ሥር ነው የሚደረገው፣ እትዬ። ተረከዙ ከፍ ብሎ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲዘረጋ። ከጉልበት ሥር ፈጽሞ አይደረግም። ጉልበት ሥር ሲሆን ይመቻል፤ ክፋቱም እሱ ነው። በተመቸው ልክ እንደታጠፈ ይደርቃል። እዚህ ይሄን ያደረገ ሠራተኛ ይባረራል። ፎቶው እኔ ጋ እስኪደርስ የወሰደበትን ጊዜ ሁሉ ሲስቅ፣ ሲመቸው፣ ጅማቱ እያጠረ ነበር።

ለምን ደበቁኝ? "ትንሽ ይጎድለዋል" ሲሉ ስንት ነው ትንሹ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለፊዚዮቴራፒስቷስ ለምን ትራሱን ደበቁባት? እሷ አንድ ጊዜ አልጋው ላይ እንደተኛ ብታየው ኖሮ ያን ዕለት ታነሳው ነበር። ስለ ንጹሕ አንሶላ ብለን እግሩን አጣን።

አሁኑኑ ሐኪም ጋ ይውሰዱትና የተባሉትን ይጻፉልኝ። ምንም ሳይቀንሱ።

ታናሽዎ


የካቲት 18

ዋርሳዬ፣

እንደምን አለሽ። እኛ አለን።

ስልክሽን ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ወረቀት እያወጣሁ መልሼ አስቀምጣለሁ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ፖሊሷ ሰደበችኝ፣ ሐኪሙ ገላመጠኝ፣ አንቺ ጮህሽብኝ። የታመመ ሰው የሚያርፍበትን ነገር ከሥሩ አድርጌ፣ ሲስቅ አይቼ ደስ አለኝ። ጥፋቴ ይሄ ነው። ትራሱን የላክሽው አንቺ ነሽ፤ የት እንደሚደረግ ግን አልጻፍሽም። ይሄን ብዬሽ አላውቅም፣ አሁን ግን አልኩት። ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር ብለሻል። ይሁን። እኔም እንግዳ በር ላይ ነበረብኝ።

ምንም ሳልቀንስ ልጻፍልሽ። ሐኪም ጋ ከመሄዳችን በፊት ወንድምሽ "ውሃ ልኬን አምጪልኝ" አለ። የሥራ ዕቃው ሳጥን ውስጥ ገብቼ አመጣሁለት። ጭኑና ቅልጥሙ እኩል መሆናቸውን ሊያይ እግሩ ላይ አጋደመው። አንዱ ጫፍ አየር ላይ ቀረ። አረፋዋ ወደ አንድ ጥግ ሄዳ ተጣበቀች። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ነገር በሰው ወለል ላይ ሲፈርድ የኖረ ሰው እኮ ነው። አየውና "እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ ቢሆን ገንዘቤን ባልሰጡኝ" አለ። ለመሳቅ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን። አሁኑኑ ካልተዘረጋ እንደዚሁ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ በዱላ እያነከሰ ነው የሚኖረው፤ ግድግዳ ሥራ ቀርቶ ቀጥ ብሎ መቆምም የለም። ድጋሚ ቢላ ማስገባቱን እሱም አልወደደውም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ተረከዙ ፎጣ ላይ ሆኖ ከላይ መጫን አለበት። ፖሊሷ በሳምንት ከአንዴ በላይ መምጣት አትችልም። ስለዚህ የምጫነው እኔ ነኝ።

አሳየችኝ። ሁለት መዳፌን ከጉልበቱ ከፍ ብሎ አስቀምጬ፣ ክንዴን ቀጥ አድርጌ፣ በክብደቴ። እሷ ስትጫን ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። እኔ ስጫን ግን ይጮሃል። "ተይኝ፣ በፈጠረሽ ተይኝ" ይለኛል። አንጀቴን ይበላኛል፣ እለቃለሁ። ነገም እንደዚያው። ፖሊሷ መጥታ ስትለካው ምንም ለውጥ የለም። "እናንተ ተዋዳችሁ እግሩን ልታሳጡት ነው" አለችኝ።

ገንዘብ አልፈልግም፣ ዕቃም አትላኪ። አንቺ ይሄን በየቀኑ በሰው ላይ ታደርጊዋለሽ። እንዴት ነው የምታደርጊው? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

የወንድምሽ ሚስት


የካቲት 30

ለምወድዎትና ለበደልኩዎት እትዬ፣

ጉልበትዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅዎ ብዬ መጻፍ ጀምሬ ቃሉን ሳየው አፈርኩ። እውነትዎን ነው። አልጻፍኩም። አንዲት መስመር ነበረች የምታስፈልገው፣ አልጻፍኳትም። እርስዎ ላይ የጮህኩት ራሴ ላይ መጮህ አቅቶኝ ነው።

የጠየቁኝን ልንገርዎ። ሹፌሩም እንደ ወንድም ጋሼ ይጮሁ ነበር፤ እናቴንም አባቴንም ሰድበውኛል። እኔ የማደርገው ይሄን ነው፦ ፊታቸውን አላይም። ጉልበታቸውን ብቻ አያለሁ። አፌን ደግሞ ስለ ሌላ ነገር አስወራዋለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አውቶቡስ፣ ያገኘሁትን። ሲጮሁ አልለቅም። የሚጮህ ሰው ገና አቅም አለው። ድንገት ዝም ብለው ትንፋሻቸውን ከያዙ፣ ጣቶቻቸውም አንሶላውን ከጨበጡ፣ ያኔ እለቃለሁ። ሲጮህ አይልቀቁት፣ እትዬ። ዝም ሲል ይልቀቁት። ሲጨርሱም ይቅርታ አይጠይቁት፤ ይቅርታ ከጠየቁት ነገ ከመጀመርዎ በፊት ያስቆምዎታል።

ይሄን ጽፌ አንብቤ ራሴን ፈራሁት። በስልክ ለወንድም ጋሼ "በርታ" እለዋለሁ፤ እርስዎን ግን ይጨክኑ እላለሁ። እኔ እኮ ባዕድ ነኝ ለሹፌሩ። ሰዓቴ ሲያልቅ ጋውኔን አውልቄ እሄዳለሁ፤ የሚጠሉኝ ሥራ ላይ እስካለሁ ብቻ ነው። እርስዎ ግን በተጫኑበት እጅ ምሳውን ያቀርባሉ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

ፈቃዴ አሁንም አላለቀም። ቢያልቅ ኖሮ እጄን ነበር የምልክልዎ።

ብርታቱን ይስጥልኝ።
ታናሽዎ


መጋቢት 27

ለተወደድሽው ዋርሳዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽው ምክር ደርሶኝ እንዳልሽው አድርጌያለሁ፤ ፈጣሪ ይስጥሽ። ቂም የለኝም፣ አንቺም አይኑርሽ።

በመጀመሪያው ቀን በሩን ዘጋሁ፣ ፎጣውን ጠቀለልኩ፣ ፊቱን ሳላይ ጉልበቱን ብቻ አየሁ። አፌን ስለ ደንበኞቼ አስወራሁት። ያቺ ወንበር ውስጥ የገባችው ሴትዮ ቀሚሷን ልትወስድ በመጨረሻ መምጣቷን፣ ስትቆም እንኳ ወንበሩን እየዞረች ስታይ እንደነበር አወራለሁ፤ እሱ ከሥሬ ይጮሃል። አልለቀቅሁም። አንድ ቀን "እናቴ!" ብሎ ተጣራ። እናቱን ከቀበረ ስንት ዘመኑ ነው? ያንንም ቀን አልለቀቅሁም። ከመጋረጃው ወዲያ ጨርቅ ይዛ የምትጠብቅ ደንበኛዬ ጨርቋን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ ከአንገት በላይ ሆኗል። "ያቺ ሴትዮ ባሏን ልትገድለው ነው" ተባለ አሉ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ።

እግሩ እየተዘረጋ ነው። ፖሊሷ ለካችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። ሙሉ አይደለም፤ ሐኪሙ ግን እንዲህ ከቀጠለ ቆሞ መሥራት ይችላል አለ። ትናንት በዱላ እስከ በሩ ሄዶ ጠያቂ ሸኘ። ብቻ ማቋረጥ የለም፤ ገና ብዙ ጊዜ በየቀኑ መጫን አለብኝ፤ ከተውኩት ተመልሶ ይታጠፋል ተብያለሁ።

ይሄ ደስ የሚል ወሬ ነው አይደል? ሌላውን ደግሞ ልጻፍልሽ፣ ወረቀት ላይ ነንና።

ወንድምሽ ይፈራኛል። ኮቴዬን ሲሰማ ብርድ ልብሱን ይስባል። የጫናው ሰዓት ባይሆንም። ሻይ ይዤ ስገባ ዓይኑን ከእጄ አይነቅልም፤ ሻይ ብቻ መሆኑን እስኪያረጋግጥ። ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ደንበኞቼ ላይ መቀለድ ትቷል። እኔ ካለሁ አይናገርም። ጎረቤት ሲመጣ ግን ያወራል፣ ይስቃል፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሆነብኝ እንዳልል፣ እውነቱን ለመናገር ቀጋዋ እኔ ነኝ። ለጠየቀው ሁሉ "እህቴ ናት ያዳነችኝ" ይላል። ይበል፣ ውሸት አይደለም። እኔን ግን በዚያው አፉ ያመሰግነኛል ብዬ አልጠብቅም፤ ሰው የሚያሰቃየውን አያመሰግንም። ይቅርታ አትጠይቂው ስላልሽኝ አልጠየቅሁትም። አንድ ቀን ብጠይቀው ነገ እጄ እንደማይጸና አውቃለሁ።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። ሲያመው እጄን ፈልጎ ነበር የሚይዘው። ታክሲ ውስጥ እንኳ።

ብዙ ነገር ለምኜሽ አላውቅም። አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ወረቀትሽ አልቆ የምትመጪበት ቀን ካለ፣ እቤት እንደገባሽ ሻንጣሽን ሳትፈቺ ፎጣውን ውሰጂና አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አንቺ ተጫኚው። ይጩህብሽ። እኔ በሩን በርግጄ ገብቼ "ተዪው! ምን አደረገሽ? አታሰቃዪው!" ብዬ ልጩህብሽ። እሱም ይስማኝ።

እንደማይሆን አውቃለሁ። የዛሬው የጫና ሰዓት ደርሷል፤ ይሄን እንደጨረስኩ እጄን ታጥቤ ገብቼ እጫነዋለሁ። ብርድ ልብሱን ሲስብ እየሰማሁት ነው።

ባለሽበት ደህና ሁኚልኝ።
የወንድምሽ ሚስት